ጀበናና ስኒ ሳይሰበር ባሕር ማዶ ለማድረስ፦ የአስተሻሸግ መመሪያ

ጀበና በጉዞ ላይ ሆዱ የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው። የሚሰበረው አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ዙሪያ፣ እጀታው በተለጠፈባቸው ሁለት ቦታዎች፣ ጎኑ ላይ መቅጃ አፍ ካለው ደግሞ በአፉ ሥር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንገትና እጀታ በኋላ የሚቀጠሉ ናቸው፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ ቢያያዙም መጋጠሚያው ብዙ ጊዜ እንደ ሌላው አካል አንድ ወጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሸክላ መጨመቅን በደንብ ይችላል፣ መወጠርን ግን አይችልም። ብረት ሲመታ ጎበጥ ብሎ ያልፋል። ሸክላ አይጎብጥም፤ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ካለችው ስትወጠር በቅጽበት ዳር እስከ ዳር ትደርሳለች። ክብ የሆነው ሆድ ከውጭ የሚመጣበትን ኃይል በዙሪያው ያከፋፍለዋል። ቀጭኑ አንገት ግን ከጎን ሲገፋ አንዱ ወገን ይጨመቃል፣ ሌላው ይወጠራል፤ በተወጠረው በኩል ይከፈታል።

ስለዚህ ጀበና ሲታሸግ ዋናው ነገር ክብደቱን ሆዱ እንዲሸከም፣ አንገቱና እጀታው ላይ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይደገፍ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው አንገቱን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስርና ሆዱን ይተወዋል፤ ያ ከምንም አይሻልም።

በአንድ ውድቀት ምን ያህል ኃይል እንደሚያርፍበት ማወቅ ይጠቅማል፤ የመጠቅለያውን ውፍረት የሚወስነው እሱ ነውና። ኢስታ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእሽግ መፈተኛ ደረጃ ከ10 ኪሎ በታች የሆነ እሽግ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይጣላል፤ የአንድ ጠረጴዛ ከፍታ ማለት ነው። ከዚያ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1.2 ኪሎ የሚመዝን ጀበና በስስ ካርቶን ብቻ ተጠቅልሎ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም የክብደቱን 380 እጥፍ፣ ማለትም 450 ኪሎ ያህል ጫና ያርፍበታል። 5 ሴንቲ ሜትር ልስልስ መጠቅለያ ኖሮት 3 ሴንቲ ሜትሩ ቢሟሽሽ ግን ጫናው ወደ 25 እጥፍ ይወርዳል፤ 30 ኪሎ ማለት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የሚለው ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ከመጠቅለል በፊት

የምትልኩትን ጀበና ራሳችሁ የምትመርጡ ከሆነ አንገቱ አጠር፣ ወፈር ያለውን ያዙ። ቀጭን ረዥም አንገት ያማረ ቢሆንም ለጉዞ አይመችም። በአንድ እጅ ከእጀታው ሳይሆን ከሥሩ ደግፋችሁ ሆዱን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ቀጨኔ አካባቢ እንደሚሠራው በግልጥ እሳት የሚተኮስ ሸክላ የፋብሪካ ምድጃ የሚደርስበት ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጥንካሬ ይለያያል። ሦስት አራት አንኳኩታችሁ ድምፃቸውን አወዳድሩ።

ያገለገለ ጀበና ከሆነ ያለ ሳሙና እጠቡት፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና በኋላ ቡናው ላይ ይመልሰዋል። ከዚያ አፉን ከፍታችሁ ከ2 እስከ 3 ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ደረቀ ወይስ አልደረቀም የሚለውን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ በወጥ ቤት ሚዛን ዛሬ መዝኑት፣ ነገም መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል። እርጥበት የያዘ ጀበና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ከቆየ ሻጋታ ያወጣል፣ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ትናንሽ አረፋ ያለው ባብል ራፕ ለአንድ ጀበና ከ3 እስከ 4 ሜትር፣ 20 ገጽ ያህል አሮጌ ጋዜጣ ወይም ያልታተመበት ወረቀት፣ አንድ ነጠላ ወይም አሮጌ አንሶላ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ፕላስተር፣ አንድ ትልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት። ጭድ አትጠቀሙ። ድሮ ሸክላ በጭድ ተጎዝጉዞ ነበር ገበያ የሚወጣው፤ አሁንም ጥሩ መጎዝጎዣ ነው። ግን የአሜሪካን ጨምሮ የብዙ አገር የግብርና ተቆጣጣሪዎች ገለባና ጭድ ተባይ ያስገባል ብለው ይይዙታል፤ እሽጉ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ እንደናንተ አድርጎ የሚጠቀልለው ሰው የለም።

ጀበናውን መጠቅለል

1. ውታፉን አውጡና ለብቻው ጠቅልሉት። አፉ ውስጥ ከተተወ በእያንዳንዱ መናወጥ አንገቱን ከውስጥ እየመታ ይሄዳል።

2. ውስጡን ባዶ ተዉት። ሌላ ዕቃ ሲታሸግ ክፍት ውስጡን በወረቀት መሙላት የተለመደ ምክር ነው፤ ለጀበና ግን አይሠራም። ጠባብ አንገት ውስጥ ወረቀት ሲጠቀጠቅ ሸክላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ይህ ደግሞ የማይችለው ዓይነት ኃይል ነው። ቡና፣ ዕጣን ወይም ጌጣጌጥም አትጨምሩበት። በኤክስሬይ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ የሚታይ ማሰሮ መፈታቱ አይቀርም።

3. በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በተጨማደደ ወረቀት ሙሉት። እጀታው ከጎን ሲመታ የሚደገፍበት ነገር እንዲያገኝ ያህል እንጂ እስኪገፋ ድረስ አይደለም። በጣታችሁ ስትነኩት ወረቀቱ አሁንም ስምጥ ማለት አለበት። መቅጃ አፍ ካለው ከሥሩም ላይ እንዲሁ አድርጉ።

4. አንገቱን አወፍሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ነጠላውን ወይም አንሶላውን በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አጥፋችሁ ከትከሻው ጀምራችሁ ወደ ላይ እየዞራችሁ ጠምጥሙ፤ ውፍረቱ ከሆዱ ጋር እኩል እስኪሆን ቀጥሉ። ሆዱ 18፣ አንገቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በየወገኑ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ካነሰ በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉ። አትወጥሩት። ጥምጥሙ ከአፉ በላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፣ እሽጉ ቢገለበጥ መሬት የሚደርሰው ጨርቁ እንጂ የጀበናው ከንፈር እንዳይሆን።

5. ባብል ራፑን አረፋው ወደ ጀበናው ዞሮ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን አዙሩት። ከዚያ በሌላ ቁራጭ ከሥር ወደ አናት ሁለት ጊዜ፣ መስቀለኛ አድርጋችሁ። ፕላስተሩ ፕላስቲኩን ብቻ ይንካ፤ ሸክላውን ከነካ ሲላቀቅ ገጹን ይዞ ይነሳል።

6. ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት። ቀጥ ብሎ ከሄደ አንገቱና ሆዱ እኩል ወፍረዋል ማለት ነው። ወደ አንገቱ ከዞረ አራተኛውን ሥራ አልጨረሳችሁም።

7. ግልጹ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ተቆጣጣሪ ሳይፈታ የሚያየው ነገር እንዲኖረው፣ ቢሰበርም ስብርባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይበተን።

ማቶቱን ለብቻው አስቀምጡት፤ አይሰበርም። የሣር ሥራ ስለሆነ ግን የአሜሪካ የጉምሩክ ቅጽ ስለ ዕፅዋት ውጤቶች ሲጠይቅ አሳውቁ። ማሳወቅ አያስቀጣም፣ መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

ሻንጣ ውስጥ ወይስ በካርቶን?

የሚሄደው አንድ ጀበና ብቻ ከሆነና የእጅ ሻንጣችሁ ክብደት ከፈቀደ (ብዙ አየር መንገዶች በኢኮኖሚ 7 ኪሎ ይፈቅዳሉ) ከእናንተ ጋር ወደ ላይ ይውጣ። ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ወደ ዕቃ ክፍል የሚገባ ሻንጣ ከሆነ ጀበናው መሃሉ ላይ ይተኛ፤ ሻንጣው ሲቆም ሆዱ ወደ ጎማው፣ አንገቱ ወደ ላይ እንዲሆን። ከጎማው በኩል 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላው ወገን ሁሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ልብስ ይኑር። ልኩ የሚወሰደው ልብሱን በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ነው፤ ሳይጫን 10 ሴንቲ ሜትር የነበረ ሹራብ ሻንጣው ሲዘጋ 3 ሊሆን ይችላል። ከሥር የታጠፈ ጋቢ፣ ከላይ ሌላ ጋቢ የመሰለ የለም፤ ጋቢው ለማንኛውም የሚሄድ ነውና ክብደትም አይጨምርም።

በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን ሽሮ እንደ መጎዝጎዣ አትቁጠሯቸው። ዱቄት አንዴ ከተጫነ ተመልሶ አይነሳም። የ2 ኪሎ የበርበሬ ከረጢት ሻንጣው ሲወድቅ ጀበናውን የሚመታ ከባድ ዕቃ ነው። ደግሞም ጀበና ቀዳዳው ብዙ የሆነ ሸክላ ስለሆነ የበርበሬና የቂቤ ሽታ ይጠጣል። በተለያየ ሻንጣ ይሂዱ፤ ካልተቻለ በሁለቱ ጫፎች፣ በመሃላቸው ጫማ ሳይሆን ልብስ ይሁን።

በካርቶን የምትልኩ ከሆነ ባለ ሁለት ድርብ አዲስ ካርቶን ግዙ። ያገለገለ ካርቶን ማዕዘኑ ከተጨማደደ ወይም እርጥበት ካገኘው አቅሙ ወርዷል፤ የሙዝ ካርቶን ደግሞ ቀዳዳ ስላለው ለዚህ አይሆንም። ተጠቅልሎ 24 በ34 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጀበና ውስጡ 34 በ34 በ44 የሆነ ካርቶን ይፈልጋል፤ በየወገኑ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲተርፍ ነው። ሥሩን ሙሉ፣ ጀበናውን አቁሙ፣ ዙሪያውንና አናቱን ሙሉ። ክዳኑ ሲዘጋ በትንሹ የሚገፋ እንጂ ገባ ያለ መሆን የለበትም። በፖስታ ወይም በካርጎ የሚሄድ ከሆነ ይህን ካርቶን በየወገኑ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በሚበልጥ ሁለተኛ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ፕላስተሩን በመሃል መጋጠሚያው ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ጠርዞችም ለጥፉ፤ ከላይም ከታችም። እንደ ሻንጣ የሚገባ ካርቶን ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ በተለመደው ደንብ ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

በእንጨት ሣጥን የሚልክ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ድንበር ሲሻገር እንጨቱ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ መሞቁን የሚያሳይ፣ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማኅተም ይጠየቃል። ማኅተም የሌለው ሣጥን ሊመለስ ወይም ሊወገድ ይችላል። ኮምፔንሳቶ በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም።

ስኒ

ስኒ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ስለሆነ ከጀበና ይጠነክራል፤ ግን ቀጭን ነው። አንዱን በሌላው ውስጥ ደርድሮ መላክ ቦታ የሚቆጥብ ይመስላል። ሲናወጥ ግን የውስጠኛው ስኒ የውጪውን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። እያንዳንዱን ለብቻው በሁለት ገጽ ወረቀት ጠቅልሉት፣ ከከንፈሩ በኩል ወረቀቱን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ትንሽ ካርቶን ውስጥም በአፉ ደፍታችሁ ደርድሩ። ማስቀመጫ ሳህኖቹ በጠርዛቸው ይቁሙ፤ የተኛ ሳህን ከላይ የሚመጣበትን ሁሉ በመሃሉ ይሸከምና ይሰበራል። በየሁለት ሳህን መካከል አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። 12 ስኒና 12 ሳህን በዚህ መልክ በአንድ የጫማ ካርቶን ይገባል፤ ካርቶኑ ደግሞ ሻንጣው መሃል ልብስ ውስጥ ይቀበራል።

ምጣድ

እውነቱን ለመናገር አይመከርም። 58 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሸክላ ምጣድ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል። ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነም ዳር ዳሩ ተደግፎ መሃሉ ከተመታ ለሁለት ይከፈላል። የግድ ከሆነ በሁለት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ መሃል፣ በየወገኑ 3 ሴንቲ ሜትር ፎም ገብቶበት፣ ጠርዙ ዙሪያም በ5 ሴንቲ ሜትር ፎም ታጥሮ በገመድ ይታሰር። በጠርዙ ቆሞ ይሂድ። በጎመን ዘር የተሟሸ ምጣድ ቅባቱ ወደ ፎሙ እንዳይሄድ መጀመሪያ በወረቀት ይሸፈን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ አሜሪካ መያዝ ግን ልፋቱም አያዋጣም፦ ለ220 ቮልት የተሠራው በ120 ቮልት ሲሰካ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ሦስተኛ በታች ነው፤ ዓይን ያለው እንጀራ አያወጣም።

ከመነሳት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሻንጣውን ወይም ካርቶኑን በጆሯችሁ አጠገብ አናውጡት። ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ድምፅ ካለ ክፈቱና ሙሉት፤ በጉዞ ላይ ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ከዚያ በስድስቱም ወገን አንድ በአንድ አስተኙት፤ ሥሩ ወደ ላይ ሲሆን ጀበናው ወደ አንገቱ ከወረደ ከአናቱ ያለው ሙሌት አንሷል። ብዙ ዕቃ የሚልክ ሰው መጀመሪያ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ርካሽ ገንቦ በዚያው አስተሻሸግ ጠቅልሎ ከ76 ሴንቲ ሜትር ይጣለው፦ አንድ ጊዜ በማዕዘኑ፣ ሦስት ጊዜ በዚያው ማዕዘን በሚገናኙት ጠርዞች፣ ስድስት ጊዜ በየገጹ። ገንቦው ከተረፈ ጀበናውም የመትረፍ ዕድል አለው።

ምልክትና አውሮፕላን ማረፊያ

የብርጭቆ ምስል ያለበት ምልክት «ተሰባሪ ነው» ማለት ነው፤ ሁለት ወደ ላይ የሚያመለክቱ ቀስቶች ይህ ወገን ላይ ይሁን፣ ጃንጥላ ደግሞ እርጥበት አይንካው ይላሉ። ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ወገን ለጥፉ፣ ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ይቁም። ግን ምልክቱን ተማምናችሁ መጠቅለያ አትቀንሱ፤ ሻንጣ የሚያሽከረክረው ማሽን ማንበብ አይችልም።

ቆጣሪው ጋ «ፍራጃይል» የሚል ወረቀት እንዲለጠፍላችሁ ስትጠይቁ ፈርሙ ልትባሉ ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ የምትፈርሙት አየር መንገዱ ለስብራቱ ኃላፊ አይደለሁም የሚልበትን ነው፤ አንብቡት። በ1999 የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ተመዝግቦ የገባ ሻንጣ ሲበላሽ ቅሬታው በጽሑፍ በ7 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ የካሳው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ የሒሳብ መለኪያ) ነው። አየር መንገዱ ግን ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ጠባይ የመጣ እስከሆነ ድረስ አልከፍልም የማለት መብት አለው። ክርክሩ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱን የመጠቅለል ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሻንጣው ተጨፍልቆ ከወጣም ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ መጠቅለያውን አትጣሉ።

ሲደርስ

ከዕቃ ክፍል የወጣ ጀበና ቀዝቅዞ ይሆናል። ወዲያው የፈላ ውኃ አትጨምሩበት፤ ግማሽ ቀን ቤት ውስጥ ይቆይ። ከዚያ እንደ መጀመሪያው አንኳኩታችሁ ድምፁን ስሙት። ለብ ያለ ውኃ ሞልታችሁ ደረቅ ወረቀት ላይ ለአንድ ሰዓት አቁሙት። ያልተሟሸ ሸክላ በመላ አካሉ ላብ ላብ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ በአንድ ቀጭን መስመር የሚወርድ እርጥበት ግን ስንጥቅ ነው፣ እሳት ላይ ሲወጣ ይከፈታል።

ጤነኛ ከሆነ በውኃና በቡና አተላ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልታችሁ እየደፋችሁ አሟሹት። በመስታወት ገጽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከታች የብረት ማሰራጫ ሳህን አድርጋችሁ ከትንሹ ሙቀት ጀምራችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ። ኢንዳክሽን ምድጃ ሸክላን ጭራሽ አያሞቅም። እጀታው ብቻ ተነቅሎ ከደረሰ በኢፖክሲ ይያዛል፣ ግን ያ ጀበና ከእንግዲህ የመደርደሪያ ጌጥ ነው፤ ማጣበቂያው በሙቀት ይላላና ሙሉ ጀበና ተይዞ ሳለ ሊለቅ ይችላል።